ዜና ዘመቻ ዘእትዬ እርጥቤ፦ በሳረንስት ስም ስለ ተያዘው መስኮት

በዘመነ ዋና ኃላፊ ሣልሳዊ፣ ፎቶ ኮፒው በተሰበረ በሁለተኛው ዓመት፣ የደቃቅ ዕፅዋት ባለሙያዋ፣ ዐለት መርማሪዋ፣ አጉሊ መነጽር ከአንገታቸው የማይለየው እትዬ እርጥቤ፣ ከተቀጠሩ ጀምሮ በሽንት ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጠው ፀሐይን በምሳ ሰዓት ብቻ እያዩ ስለ ኖሩ፣ ልባቸው በብርቅዬ ፍጥረታት ጥበቃ ቢሮው ብቸኛ መስኮት ላይ ተነሣ።

በመስኮቱ የነገሡት ግን የወፍ ባለሙያው አባ ላባ ነበሩ፤ እግራቸውን በፀሐይ ዘርግተው «ያለ መስኮት ወፍ አይጠናም» ብለው ካወጁ ቆይተዋል። የሚያጠኗት ወፍ ራሷ የምትኖረው ቀን ሙሉ በመኪና ተሂዶ በሚደረስ ጫካ ነበር።

ወእምዝ ጠቡ በጠና ጊዜ፣ ከእትዬ እርጥቤ ወገን ብርድ የማይለቃት ሒሳብ ሹምና ነገር የማያልፋት ጸሐፊ፣ ከአባ ላባ ወገን ባለ ከዘራው ዘበኛና እንቅልፋሙ ሾፌር ተሰልፈው ቢፋጠጡ፣ ኃላፊው ወጥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «የሰማህ ላልሰማው ንገር! የማን ፍጡር ይበልጥ ሊጠፋ ነው? መስኮቱ የእሱ ነው። ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ በሬን የሚያንኳኳ፣ ውርድ ከራሴ!»

ከመጥፋት አደጋ መዝገብ የጫካዋ ወፍ ማዕረግ ተነበበ፦ ለአደጋ የተጋለጠች። የአባ ላባ ወገን አጨበጨበ። በእርጥብ ዐለት ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የምትነጠፈው ደቃቅ ተክል፣ የሳረንስቷም ማዕረግ ተነበበ፦ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበች። አባ ላባ ፊታቸው ጠቆረ፤ ወፏ ይበልጥ ደህና በመሆኗ እንዲህ ያዘነ ወፍ ወዳድ ከዚያ በፊት አልታየም።

እትዬ እርጥቤም ከዐለቷ ተቆርሳ በሳህን የምታድገውን ሳረንስት እንደ ታቦት ተሸክመው፣ ወገኖቻቸው ወንበርና መሳቢያ ይዘው እየተከተሏቸው፣ ወደ መስኮቱ ገቡ። ፀሐይም ፊታቸውን አሞቀችው፤ ደስ አላቸው፣ በጣም ደስ አላቸው። ቀትር በሆነ ጊዜ ግን ሳህኑን ቢያዩ፣ ሳረንስቷ ጠውልጋ፣ ጫፏ ቢጫ ሆኖ ነበር። ውኃ ቢያርከፈክፉ፣ መጋረጃ ቢጋርዱ፣ በገዛ ጥላቸው ቢከልሏት አልሆነም። በዚያ ቢሮ ለእሷ የሚስማማት ስፍራ አንድ ብቻ ነበር፦ የሚያፈሰው የሽንት ቤት ቧንቧ ሥር።

እትዬ እርጥቤ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ከዚያም ሳህኑን አንሥተው ወደ ሽንት ቤቱ በር ተመለሱ፤ እንዲህም ሲሉ አወጁ፦ «መስኮቱ የእኔ ነው፤ ለአባ ላባ አውሼያቸዋለሁ። ሽንት ቤት የምትገቡ ሁሉ በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉ፤ የምትጠፋዋ እዚህ ናት።»

ሌሎች ድል ነሥተው ያዙ፤ እኚህ ግን ድል ነሥተው ለቀቁ። ስማቸው ይለምልም፣ ክብራቸው በየዐለቱ ይስፋ፣ በዘመናቸውም ሁሉ የቧንቧ ጠጋኝ አይምጣባቸው።