ያለ እኔ የተነሳው ኮምፒውተር

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ጎበዝ ሠራተኛ» የሚባለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሲቀር ሥራ የሚቆምለት ነው። ሥራው ያለ እሱ ከሄደማ ማን ዞር ብሎ ያየዋል! እኔም አምቦ፣ ስሙን በማልነግራችሁ ቢሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎበዝ ነበርኩ።

ጉብዝናዬ እንዲህ ነው። የቢሮው ዋና ኮምፒውተር ውስጥ ኮንቴይነር የሚባሉ የተለያዩ ክፍሎች አሉ፤ አንድ ግቢ ተከራይተው በየበራቸው እንደሚዘጉ ሰዎች። አንዱ መረጃ ያስቀምጣል፣ ሌላው ለደብዳቤ ቁጥር ሰጥቶ ያትማል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም እንደተኙ ይቀራሉ። የደብዳቤው ቀድሞ ከተነሳ ደግሞ መረጃውን ፈልጎ ያጣና መልሶ ይወድቃል። በተራ የምቀሰቅሳቸው እኔ ነኝ፤ እሑድ የለ፣ ዓመት በዓል የለ።

ታናሽ እህቴ ጌዶ ልታገባ ሆነ። እናት የለንም፤ የምድራት እኔ ነኝ። አርብና ሰኞን ፈቃድ ብጠይቅ አለቃዬ ኦቦ ደቻሳ «መብራት ቢሄድስ?» አሉ። መልሱን ይዤ ነበር። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሳ፣ መጀመሪያ መረጃው፣ እሱ መልስ ሲሰጥ ደብዳቤው እንዲከተል የማስነሻ ትዕዛዝ ጽፌ፣ ሦስት ጊዜ ሶኬት ነቅዬ ሞክሬዋለሁ።

«በራሱ? ማን ፈርሞ? አይሆንም ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሠርግ እንደሆነ ያልፋል።»

ያልፋል! ደሜ ፈላ። እህቴን ስንት ጊዜ ልድራት ነው? ትዕዛዙን ኮምፒውተሩ ላይ ጫንኩት፣ የፈቃድ ማመልከቻዬን ጠረጴዛቸው ላይ ተውኩና አርብ ጠዋት የጌዶን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዳርኳት። አልቅሼም ጨፍሬም ዳርኳት።

ማክሰኞ ስገባ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቀኝ። «ያለ ፈቃድ በመቅረትዎ፣ አርብ ዕለት መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ የቢሮው ሥራ ሙሉ በሙሉ በመቆሙ…» ይላል። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው። ከግርጌው ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያትመው ሰዓትም አለ፤ አርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።

ጸሐፊዋን መብራት ስንት ሰዓት እንደመጣ ጠየቅኋት። «ዘጠኝ ሰዓት» አለች፣ ሳቋን አፍና።

ደብዳቤውን ይዤ ገባሁ። «ኦቦ፣ ሥራ ቆሞ ከነበረ ይሄን ማን አተመው?»

ኦቦ ደቻሳ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ፈርመሽ ተቀበይ» አሉኝ።

ፈርሜ ተቀበልኩ። አሁን በፍሬም ሆኖ ሳሎኔ ውስጥ፣ ከእህቴ የሠርግ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። ሥራዬ መሥራቱን ቢሮው በማኅተም ያረጋገጠልኝ በዚህ ደብዳቤ ብቻ ነው።