የሳንባ ፊልም አንባቢው

ልብን፣ ሳንባንና ሆድ ዕቃን ሳይቀድ የሚያሳየውን ሲቲ ስካን ለሰጠን አምላክ ምስጋና ይግባው። ግን ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንሥተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ፍርድ የሚሰጡትን ማን ሰጠን? እኚህ ሰው ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር፣ እኛ ግቢ ያሉት ጋሽ ተፈራ ናቸው። ሥራቸው ከወደብ ዕቃ ማስለቀቅ ነው።

ጎረቤታችን ግርማ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ደረቱን ውጋት ይዞት ትንፋሽ ሲያጥረው ሐኪሙ ሲቲ ስካን አዘዘለት። ውጤቱን አይቶም “ሳንባህ ውስጥ ደም ረግቷል፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ተኛ” አለው። እሱ ግን ልብስ ልያዝ ብሎ ፊልሙን ታቅፎ ግቢ ገባ። በቃ፣ ጉባኤ ተቀመጠ!

“ብርድ ነው” አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ፊልሙን ዘቅዝቀው።

ልብ በሉ፤ ብርድ! ፍየሎች የመኪና ጥላ በሚሻሙበት ከተማ!

“ሐኪሙ እኮ የደም መርጋት ነው ብሎኛል” አለ ግርማ እያለከለከ።

“እነሱማ አልጋ እንዳይጾምባቸው ነው። ነጭ ሽንኩርት በማር ዋጥና ጋደም በል፣ ወንድሜ።”

ሌሎቹም “እውነት ነው፣ እውነት ነው” አሉ። ግርማ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ጾም ስለሆነ አፌን ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አልቻልኩም።

“ጋሽ ተፈራ፣ ይህ ሰው አንድ ነገር ቢሆን ለእናቱ የሚደውሉት እርስዎ ነዎት?”

ጋሽ ተፈራ ፊልሙን እንደ ትኩስ ድስት የተቀመጡበት አልጋ ላይ ጣል አደረጉት።

“ምነው እቴ! እኔ ሐኪም ነኝ አልኩ?”

ግርማ ይህን ሲሰማ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር ታክሲ ፍለጋ ወጣ።