መምህር ጉልላት ፎርትናይትን የፈቱበት ዜና

መምህር ጉልላት ከጠመኔ በተለዩ በዘጠነኛው ዓመት፣ የግራ ጉልበታቸው ሕመም በነገሠ በአራተኛው፣ የቤቴል ታክሲ አየር ጤና ላይ በረጅም ሰልፍ በሚጠበቅበት ዘመን፣ በወርኃ ጥር በሃያኛው ቀን የሆነውን፣ እኔ ጎረቤታቸው፣ ማንም ጸሐፌ ትእዛዝ ሳያደርገኝ፣ እንዲህ ጻፍሁ።

እኒህ መምህር፣ መጋቤ ቃላት፣ ፈታሔ ሰዋስው፣ ዘብሔረ ቀራንዮ፣ እንግሊዝኛን የተማሩት ሽፋኑ ከወደቀ አሮጌ መዝገበ ቃላት ነበርና፣ የሚናገሩትን ቋንቋ እንግሊዞች ራሳቸው ከተዉት ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ስለዚህ የሰፈሩ ወጣቶች ይስቁባቸው ነበር። አምና የጻፉት ማመልከቻም «ይህ በየትኛው ቋንቋ ነው?» ተብሎ ስለተመለሰ፣ አፍረው እንግሊዝኛቸውን ወደ ሆዳቸው መልሰው ነበር።

በዚያ ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ ኤቢሴ፣ እመ ሕፃናት፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ በቀድሞ ክሊኒካቸው በኩል የደረሳቸውን ደብዳቤ ይዘው፣ የልጅ ልጃቸውን ፅዮንን አስከትለው ወደ ሰይፈዲን ሱቅ መጡ። ደብዳቤው የሚስ ሃሪየት ነበር፤ ከአርባ ዓመት በፊት ኤቢሴን ማዋለድ ያስተማረች፣ ዛሬ የሰማንያ ስድስት ዓመት አሮጊት የሆነች እንግሊዛዊት ነርስ። ኤቢሴ አብዛኛውን አንብበው ተረድተውታል፤ ሦስት ቃላት ግን እንደ ሦስት ሽፍቶች መንገድ ዘጉባቸው። እንዲህ ይል ነበርና፦ «ይህን ከጻፍኩ በፎርትናይት፣ በፎርኑን አዲስ አበባ እገባለሁ። በስፔክታክልስም ቢሆን ደህና አላይምና፣ ቀረብ ብለሽ በስሜ ጥሪኝ።»

ፅዮንም ስልኳን አማክራ አወጀች፦ «እማዬ፣ ፎርትናይት የተኩስ ጌም ነው! ስፔክታክልስ ደግሞ ትርኢት ይላል።»

ሰይፈዲንም ከሚዛኑ ጀርባ ተነሥቶ አወጀ፦ «ፎርት ማለት ፎርቲ ነው፤ ናይት ሌሊት። አርባ ሌሊት! ገና ወር ገደማ አለዎት፣ እትዬ።»

ኤቢሴም «እሰይ፣ እስከዚያ ቤቱን አስቀባለሁ» ብለው ተነፈሱ።

በዚያች ሰዓት መምህር ጉልላት ሳሙና ሊገዙ ቆመው ነበር። ሰሙ፤ ጆሯቸው ጋለ። ዝም ብል ይሻላል አሉ በልባቸው፤ እንደገና ይስቁብኛል። ነገር ግን አንዲት ዓይነ ደካማ አሮጊት በሰው አገር ብቻዋን ቆማ ታየቻቸውና፣ ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«ደብዳቤው መቼ ተጻፈ?» ብለው ጠየቁ።

«በእኛ ጥር ስድስት» አለች ፅዮን።

ያን ጊዜ እርሳቸውም አወጁ፦ «ስሙ! ፎርትናይት አሥራ አራት ሌሊት ነው፤ ሁለት ሳምንት። ፎርኑን ከእኩለ ቀን በፊት ነው። ስፔክታክልስ መነጽር ነው። እትዬ ኤቢሴ፣ እንግዳዎ የሚገቡት ዛሬ ጠዋት ነው!»

ፅዮን ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ በዕድሜዬ እርግጠኛ የሆንኩባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ይህ ግን አንዱ ነው።»

ኤቢሴም ነጠላቸውን አጠበቁ። «ጋሽ ጉልላት፣ ከተሳሳቱ አብረን እንሳሳት። ተነሡ!»

ሠራዊቱም ተነሣ፦ ከፊት በሱቁ ደጅ ሰው ይጭን የነበረው ሚኒባስ ነጂ ወንድዬ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ «ይቅርታ፣ ውረዱልኝ» ብሎ ያወረደ፤ ቀጥሎ ሰይፈዲን፣ ሱቁን ለሚስቱ ለእሙ ትቶ፤ ፅዮን፣ በብስኩት ካርቶን ላይ የእንግዳዋን ስም በትልቁ እየጻፈች፤ ከኋላም እኔ፣ ስኳር ልገዛ መጥቼ ሁሉን የሰማሁት። አየር ጤናን አለፍን፣ ጦር ኃይሎችን አለፍን፣ ሜክሲኮ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ሃያ ደቂቃ ታሰርን። መምህር ጉልላትም በዚያ ሁሉ ጊዜ ከጥር ስድስት እስከ ጥር ሃያ በጣታቸው ደጋግመው ይቆጥሩ ነበር።

ቦሌ ስንደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ከመውጫው አጠገብ አንዲት ጸጉረ ነጭ አሮጊት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ በወፍራም መነጽር ወደ ሰዉ ሁሉ ትመለከት ነበር፤ ማንንም ግን አታይም። ካርቶኑንም አላየችውም። ኤቢሴ ሮጠው፣ ቀርበው፣ «ሚስ ሃሪየት!» አሉ።

አሮጊቷ እጇን ዘረጋች። የኤቢሴን እጅ ፈልጋ ያዘች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። «እነዚህን እጆች አውቃቸዋለሁ» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጠበቅሁ። ደብዳቤው አልደረሰም ብዬ ልመለስ ነበር።»

ሁለቱም አለቀሱ፤ ሰይፈዲንም ፊቱን ወደ መኪኖቹ አዞረ።

ከዚያ መምህር ጉልላት ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሆዳቸው ውስጥ የከረመውን እንግሊዝኛ አወጡ። ረጅም ነበር፤ እኛ አንዲትም ቃል አልገባንም። ሚስ ሃሪየት ግን ቀና አለች፤ ፊቷ በራ፤ በዚያው ቋንቋ መለሰችላቸው፤ ከዚያም ወደ ኤቢሴ ዞራ በአማርኛ «አያቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ የሚናገር ሰው አልሰማሁም» አለች።

ፅዮንም ሮጣ የሚኒባሱን የፊት በር ከፈተች። «ጋሼ፣ እርስዎ ከፊት!»

እነሆ መምህር ጉልላት፣ መጋቤ ቃላት፣ መዋዔ ፎርትናይት፣ ከሣቴ ፎርኑን፣ በወንድዬ ቀኝ ተቀምጠው፣ ከኋላቸው ሁለት አሮጊቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ከቦሌ እስከ ቤቴል በክብር ገቡ። ዕድሜያቸው ይርዘም፤ ጉልበታቸው ይዳን፤ ዝናቸውም ከዓለም ባንክ እስከ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ደጃፍ ይሰማ፤ አሜን።