በሞቴ፣ እርስዎ ይጀምሩ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። የልጄ የትርሲት የታዳጊዎች ቼዝ ሻምፒዮና ፍጻሜ ሊጀመር ነበር። ከእሷ ይልቅ እኔ ስጨነቅ ሰንብቼ ኖሮ፣ የተመልካች ወንበር ላይ አረፍ ከማለቴ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

በሕልሜ የቼዙ እንጨቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኛን ወላጆችን ሰሌዳው ላይ አቁመው ይጫወቱ ነበር። እኔ ከነጩ ንጉሥ ፊት የቆምኩ ወታደር ነበርኩ። መነጽር ያደረገ ፈረስ ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ካላስቸገርኩ ሁለት እርምጃ ወደፊት ይላሉ?" አለኝ። ዳኛው ጥግ ላይ እጁን አውጥቶ ሽንት ቤት ያስፈቅዳል። ተመልካች ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆቻችን፣ "ዝም በል፣ ረባሽ!" አሉት።

ፊት ለፊቴ የቆሙት ጥቁር ወታደር ዘንቢል ያንጠለጠሉ ትልቅ ሴት ነበሩ። እንዴት ብዬ ልቅደማቸው?

"በሞቴ፣ እርስዎ ይጀምሩ" አልኳቸው።

"ኧረ በፍጹም! የሚጀምረው ነጭ ነው፣ ነጩ ደግሞ እርስዎ!"

"እኔ ልሙት!"

"እኔ እያለሁ? እኔ ልቅደም!"

ማን ቀድሞ እንደሚሞት ስንከራከር ከእግራችን ሥር ሣር በቀለ። ፈረሱ መነጽሩን አውልቆ ሣሩን ጋጠ። በመጨረሻ ደወል ተደወለና አሸናፊው እኔ ነኝ ተባለ። በዚያ አገር ዋንጫ የሚሰጠው ሳይጀምር ለቆየ ሰው ነው። ዋንጫው ራሱ በእግሩ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። ትርሲት ጣሪያ አክላ ታጨበጭባለች።

"አየሽ ልጄ፣ ሰው ሳይቀርብ አይጀመርም ያልኩሽ ለዚህ ነው" አልኳትና በደስታ አለቀስኩ።

"ጋሼ! ጋሼ! ያቺ ልጅ የእርስዎ አይደለችም?"

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በክርኗ ጎሸም አድርጋ ቀሰቀሰችኝ።

ትርሲት ነጭ ይዛ፣ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። ከፊቷ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ከጅማ የምትመጣው ተጋጣሚዋ ሐዊ መኪና ተበላሽቶባት ዘግይታለች። የሚቆጥረው ሰዓት ግን የልጄ ነው። አንድ ወታደር ገፍታ ሰዓቱን ብትጫነው ኖሮ በሐዊ ላይ ይቆጥር ነበር።

"ዳኛው ጀምሪ ቢላት፣ 'እሷ ሳትመጣ? ነውር ነው!' አለችው" አለችኝ ሴትዮዋ።

ከሠላሳ ደቂቃዋ አራት ቀርቷታል፤ እሱ ካለቀ ተሸነፈች። ተመልካች ተጫዋችን ማናገር ክልክል ነው። ትርሲት ዞር ብላ አየችኝና፣ ያልኳትን እንደፈጸመች ልጅ ፈገግ አለችልኝ። ምን ላድርግ፣ ያሳደግኳት እኔው ነኝ፤ እኔም ፈገግ አልኩላት።