በርበሬ የጫነች ብስክሌት

በዚህ ከተማ ሰው መደበቅ ያለበት ደመወዙን ሳይሆን የሚጓዝበትን ቀን ነው!

በብስክሌት ወልቂጤ ልሄድ ተነሳሁ። አዎ፣ በብስክሌት! አትሳቁ እንጂ... ጂም ጀምሬ ትቻለሁ፣ ጊታር ጀምሬ ትቻለሁ፤ ኮልፌ ውስጥ «እሱ ደግሞ ምን ይጨርሳል!» እየተባልኩ ነው የምኖረው። ይህችን መንገድ ግን ሞቼም ቢሆን እጨርሳታለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ብስክሌት መምረጥ ለካ ልጅ ከመዳር አያንስም! ማን ነድቷት ያውቃል፣ የት ኖረች፣ ወድቃ ታውቃለች ወይ እያልኩ አጠያየቅኩ። የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ ሙራድ አንዷን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ሩቅ መንገድ የሚፈልገው ቀላል ነገር ነው። ይቺ ላባ በላት!»

«ዳገቱስ?»

«እርስዎ ቀለል ይበሉላት እንጂ ትወጣዋለች» አለ፣ ቦርጬን ሰረቅ አድርጎ እያየ።

ፍሬኗን ቀየርን፣ ሰንሰለቷን ዘይት አጠጣን፣ ኮርቻዋን ለቁመቴ አስተካከልን። ክብደት ለመቀነስ ብዬ የጥርስ ብሩሼን እጀታ ሳይቀር በመጋዝ ቆረጥኩት። ከኋላ ባለችው ዕቃ መጫኛ ላይ የማስረው አንድ ቅያሪ ሱሪና መለዋወጫ ጎማ ብቻ ነበር።

በዋዜማው በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ በፌስታል የታሰረ በርበሬ አቅፈው ቆመዋል።

«ወልቂጤ ልትሄድ ነው አሉ። ይቺን ለልጄ ታደርስልኛለህ፤ ትንሽ ናት።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ በብስክሌት ነው የምሄደው!»

«ሰምቻለሁ የኔ ልጅ። በመኪና ቢሆንማ ጤፉንም እልክ ነበር።»

ወዲያው አባባ ሽኩር ለእህታቸው ወፍራም ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። ከዚያ ከጎናችን ካለው ቸርች ወንድም ታምራት... ወልቂጤ ላሉት ወንድሞች ተጠግኖ የሚመለስ ሞንታርቦ ተሸክሞ! «ጌታ ይባርክህ፣ ለመንገድህ እንጸልያለን» ብሎኝ ወጣ። እስቲ እናንተ እምቢ በሉ! በእኛ ሰፈር የመንገደኛን አደራ አልቀበልም ማለት ከለቅሶ እንደ መቅረት ነው።

ጠዋት ሙራድ ብስክሌቷን ሲያያት አዘነ። «ጋሼ፣ አይሱዙ አደረጓት እኮ!»

ሰበታ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። መንገድ ዳር ተዘርፍጬ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ታክሲ ሳማትር ስልኬ ጮኸ። የእትዬ በላይነሽ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ የት ደረሱ? በርበሬ አልቆብን እርስዎን እየጠበቅን ነው!»

ተነሳሁ። ቱሉ ቦሎ ላይ እንደገና ተስፋ ስቆርጥ የአባባ ሽኩር እህት ደወሉ፤ ብርዱ ገብቷል። ወሊሶ ቤርጎ አድሬ በጠዋት አውቶቡስ ይዤ ልመለስ ወደ መናኸሪያው ሳዘግም ደግሞ የቸርቹ ወንድሞች ደወሉ፤ ለእሁድ ያለ ሞንታርቦ ምን ሊሆኑ ነው?

ዳገቱን እየገፋሁ፣ ቁልቁለቱን እየጸለይኩ ወልቂጤ ገባሁ! አደራውን ሁሉ አስረክቤ፣ ተመርቄ፣ ለባለቤቴ ለሰናይት ደወልኩ።

«ደረስኩ! ግን ለሰፈሩ ሁሉ የተናገረው ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«ምን በደልኩሽ?»

«የራስህን ዕቃ ብቻ ይዘህ ቢሆን ከሰበታ ትመለስ ነበር። የሰው አደራ ይዘህ እንደማትመለስ ግን አውቃለሁ።»

ኩራቴ ትንሽ ተነካ፣ እውነቱን ለመናገር ግን በጣም ደስ አለኝ። ሚስቴ የተማመነችው በበርበሬው ነው እሺ... በርበሬው ግን በእግሩ አልሄደም!