ሚስተር ሃፕወርዝ እና የ3817 ሻንሲ

የድሮ የእንፋሎት ባቡር ጠግኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው የሚያንሸራሽር ጣቢያ ሁሉ አንድ ሚስተር ሃፕወርዝ አለው። እኛ ዘንድ ዮርክሻየር አለ፣ ዌልስም ብትሻገሩ አለ። ቆቡ ግሪስ የጠጣ ነው፤ ብብቱ ስር ደብተር አይጠፋም። የጠየቃችሁትን ከመመለሱ በፊት ደግሞ መልሶ ይጠይቃችኋል፦ «የትኛዋን ማለትህ ነው?»

የኛው ሊቀ ሊቃውንት ሴድሪክ ሃፕወርዝ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአንዲት ባቡር የሕይወት ታሪክ ሲጽፉ ኖረዋል፤ የ3817። ከፋብሪካ የወጣችበት ቀን፣ የታመመችበት ሳምንት፣ የገጨችው በግ ሳይቀር በአራት ወፍራም ደብተር ሰፍሯል። ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ «ማስረጃ» የሚል አምድ አለ። ማስረጃ የሌለው ነገር እሳቸው ዘንድ አልተፈጠረም። እኔ ከፖስታ ቤት ጡረታ ወጥቼ አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ «ፖስተኛው» እንጂ በስሜ፣ ክላይቭ ብለው፣ ጠርተውኝ አያውቁም። የልደት ወረቀቴን ስላላዩት ይሆናል።

አንዲት ሴትዮ ሽንት ቤቱ ከባቡሯ ወዲህ ነው ወዲያ ብላ ጠይቃቸው ነበር። «የትኛዋን ባቡር ማለትዎ ነው?» አሏት። ምስኪን፣ ስለ ቦይለር፣ ስለ ውሃ ማፍያው በርሜል፣ እድሳት ሁሉንም ነገር አውቃ ሽንቷን እንደያዘች ቀረች። የአንድ ጓደኛችን ቀብር ላይ ደግሞ ቄሱ፣ ሟቹ በ1951 የኛዋን ባቡር እህት 3822ን ይነዳ ነበር ሲሉ፣ ክቡርነታቸው ከኋላ ወንበር ብድግ ብለው በዚያ ዓመት ባቡሯ ጥገና ላይ እንደነበረች አስታወቁ። ሬሳው ፊት።

እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግራ እንደገባኝ ነው። ድሮ ባቡር ለጥገና ፋብሪካ ስትገባ ቦይለሯ ይነሳና ተጠግኖ ያደረው የሌላዋ ቦይለር ይጫንላታል፤ የሷ ደግሞ ከሷ በኋላ ለምትመጣው ይሰጣል። በዚህ ዓይነት የኛ 3817 ቦይለሯ ኋላ ተቆራርጣ ለብረት የተሸጠችው የ3822፣ መንኮራኩሮቿ የ3840፣ የከሰል ጋሪዋ የ3805 ነው። ታዲያ ከሷ የቀረው ምኑ ነው ብዬ አንድ ቀን ብጠይቃቸው እንደ ሕፃን ልጅ አዩኝ። «ሻንሲዋ፣ ሁሉን የተሸከመው አፅሟ ነዋ፣ ፖስተኛው። ሁሉም ይቀያየራል፤ ሻንሲ ግን አይለወጥም።»

ይህን ሁሉ የሚለፉት ለምን እንደሆነ የነገረችኝ ሻይ ሻጯ ግሌኒስ ናት። አባታቸው የ3817 ሹፌር ነበሩ። ሴድሪክ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ሞቱ። በሕይወት ሳሉ ግን እሑድ እሑድ ወደ ላይ ያነሱትና እጁን የእንፋሎት መክፈቻው እጀታ ላይ ያስቀምጡለት ነበር። እጀታዋን ቅዳሜ ቅዳሜ ከማንም በፊት ደርሰው የሚወለውሏት ለካ ለዚህ ነው።

ባለፈው ጥር ባቡሯ ለትልቅ ጥገና ተፈታታች። እኔ ከሆዷ ስር ተጋድሜ ሻንሲው ላይ የተጋገረውን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ስፍቅ ቁጥር ብቅ አለ፦ 3822። ዓይኔን ጠራርጌ ደግሜ አየሁ። ያው ነው። ቀለም ልቀባበት ብዬ ስነሳ ሚስተር ሃፕወርዝ ከነአጉሊ መነጽራቸው አጠገቤ ተንበርክከዋል።

እያንዳንዱን ቁጥር በጣታቸው ዳሰሱት። እኔ ሞኙ፣ ምናልባት ቁጥሩን የመታው ሠራተኛ ተሳስቶ ይሆናል አልኩ።

«ሻንሲ ላይ የሚመታ ሰው አይሳሳትም» አሉ። «የሚሳሳተው ቀለም ቀብቶ ታርጋ የሚሰቅለው ነው። በመጨረሻው የፋብሪካ ጥገና ሁለቱ ባቡሮች ጎን ለጎን ቆመው ሳሉ ታርጋቸውን አቀያይሮባቸዋል።» ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። «3822 ተብላ የተቆራረጠችው የአባቴ ናት ማለት ነው።»

ደብተራቸውን ይዘው ወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም፤ በሁለተኛውም በሦስተኛውም። ማንም «የትኛዋን?» ሳይለኝ የዋልኩበት ቀን ዕረፍት ይሆንልኛል ብዬ ነበር። አልሆነልኝም። ናፈቁኝ፣ ምን ይደበቃል! ባትሪ ይዤ ባቡሯን ከጭስ ማውጫዋ እስከ መጨረሻዋ ብሎን በረበርኳት፤ አንድ 3817 የሚል ብረት ባገኝ ብዬ። 3805 አገኘሁ፣ 3840 አገኘሁ፣ ማንም የማያውቀው ቁጥርም አገኘሁ። 3817 የለችም።

እንግዲህ ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ከመሳቢያው ቁጥር መምቻ ብረቶቹን አወጣሁ። የእጀታዋ ግርጌ ላይ ሦስት፣ ስምንት፣ አንድ፣ ሰባት ብዬ መታሁ። ጥላሸት በዘይት ለውሼ አሸሁበት። ከዚያ ስልክ ደውዬ እጀታዋ ላይ ቁጥር አግኝቻለሁ፣ ይምጡ አልኳቸው።

መጡ። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ በቀጥታ ወደ እጀታዋ ሄዱና አጉሊ መነጽሩን አወጡ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«ይህቺ ሰባት» አሉ።

«አቤት።»

«የፋብሪካው ሰባት እግሯ ቀጥ ያለ ነው። ይህቺ ጎበጥ ብላለች።» ቁጥሩን በጣታቸው አሽተው ጣታቸውን አሸተቱ። «ዘይቱም አልደረቀም።»

አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ እኚህን ሰው በጥላሸት ላታልል! ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት መዳፋቸውን እጀታዋ ላይ አሳረፉ። አላነሱትም።

በመጨረሻ አራተኛውን ደብተር ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ቀስ ብለው «የእንፋሎት መክፈቻ እጀታ፣ 3817» ብለው ጻፉ። ማስረጃው አምድ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመች፤ ከዚያ ጻፉ። በትከሻቸው በኩል አጮልቄ አነበብኩ፦ «ወዳጄ ክላይቭ።»