ለማንኛውም የተያዘ አድራሻ

...ደግሞ ስልክ አያነሳም ብለህ ትወቅሰኛለህ። በምን እጄ ላንሳው? አንዱ እጄ ከረጢት ይዟል፣ አንዱ ወገቤን ይዟል። ከትናንት ጀምሮ ስልኬ የኔ አልነበረም፤ የማን እንደነበር ልንገርህ። ወረፋው እስኪደርስ ጊዜ አለኝ። ሞጣ የማዳበሪያው መጋዘን በር ላይ ነኝ። አባቴ ማዶ ከገበሬዎቹ ጋር ቁጭ ብሏል፣ አህዮቹ ቆመዋል፣ እኔ አጥሩን ተደግፌ ካንተ ጋር አወራለሁ።

እኛ ሰዎች አንድ ነገር አለብን። ሠርግ ቤት ሄደህ ባዶ ወንበር አግኝተህ ልትቀመጥ ስትል “ሰው አለበት” ይሉሃል። ቆመህ ሰውየውን ትጠብቃለህ። ወጡ ይቀርባል፣ ጠላው ይዞራል፣ ሙሽሮቹ ይገባሉ፣ ሰውየው የለም። ድንኳኑ ሲፈርስም አልመጣ። አውቶብስ ትገባለህ፣ ወንበሩ ላይ ነጠላ ተጥሎበታል። ማንን ነው የምትጠብቁት ብትላቸው እነሱም አያውቁት። ለማንኛውም ነው። “ለማንኛውም” ማለት፣ እኔ እንደገባኝ፣ ማንም አይቀመጥበትም ማለት ነው።

እኔ ይችን አመል በወንበርና በነጠላ ብቻ አውቃት ነበር። ኮምፒውተር ውስጥም እንደገባች ያየሁት ቢቸና ሄጄ ነው።

ይኸውልህ፣ የገበሬዎቹ ዩኒየን ዋና ቢሮው ቢቸና ነው፣ መጋዘን ደግሞ እዚህ ሞጣ አለው። ማዳበሪያ የሚወስደው ሰው ስም ዱሮ በመዝገብ ነበር፤ አሁን ቢቸና ባለ ማሽን ውስጥ ገብቷል። ማሽኑን የግል ደመና ይሉታል። አባቴ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና “የእግዜሩ አልበቃ ብሎ ነው?” አለ። የእግዜሩማ ዘንድሮ ሰዓቱን ጠብቆ መጥቷል። ማሳው ታርሶ ተዘጋጅቷል፣ ዘሩ ጎተራ ውስጥ ነው፣ የቀረው ማዳበሪያው ነው። በዚህ ሳምንት ካልተዘራ ስንዴው ዝናቡ ሳይቆም አይደርስም። አባቴ ደግሞ ያለችው እሷ አንዲት ማሳ ናት።

እና ልክ በዚህ ሳምንት የሞጣው ኮምፒውተር የቢቸናውን ደመና አላገኘውም አለ። ስም ካልታየ ማዳበሪያ አይወጣም። ከረጢቱ ጣሪያ ደርሷል፣ ገበሬው በር ላይ ተኮልኩሏል፣ በመሀል ያለው አንድ አልከፈት ያለ ገጽ ነው። መጋዘኑን የሚይዘው አያ ሰይድ ቁልፉን በእጁ እያንጠለጠለ “መዝገቡ ይሻል ነበር። መዝገብ ቢበዛ አይጥ ይበላዋል እንጂ ቢቸና አይቀርም” አለ።

እኔን ወደ ቢቸና ላኩኝ። ለእውቀቴ እንዳይመስልህ። ስምንተኛ ክፍል አብረን ጀምረን አንተ የቀጠልከውን እኔ መንገድ ላይ እንደተውኩት ታውቃለህ። ለጀርባዬ ነው፤ የመጋዘኑ ተሸካሚ አይደለሁ! መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ስለወደቀ ጥፋቱ የአሮጌው ባትሪ ነው ተባለ፤ ከባሕር ዳር አዲስ መጣ፣ እሱን ተሸካሚ አስፈለገው። ደብረ ወርቅን አልፈን ቢቸና ገባን። ባትሪውን ፎቅ ድረስ በደረጃ አወጣሁት። ተገጠመ። ሞጣ አልከፈተም። ጥፋተኛው ባትሪው አልነበረም፤ የኔ ወገብ ግን አንዴ ተቀጥቷል።

ማሽኑን የምትይዘው ትዕግስት የምትባል የቢቸና ልጅ ናት። ልወጣ ስል “ስልክ አለህ?” አለችኝ። አለኝ። “በል ቁጭ በልና ሞጣን ያዝልኝ።” አያ ሰይድን ደወልኩለት። እሷ የሆነ ነገር ትነካለች፣ “አሁን በለው” ትላለች። እኔ “አያ ሰይድ፣ አሁን” እላለሁ። እሱ ይሞክርና “ምንም” ይላል። እኔ ዞሬ “ምንም” እላታለሁ። እንዲህ ስንል ዋልን። ለካ ከቢቸና ሞጣ ወሬ የሚያመላልሰው መሣሪያ ራውተር ነው የሚባለው። ያን ቀን ራውተሩ እኔ ነበርኩ። ምሳም አልበላሁ።

መጀመሪያ ገመድ ነው አለች፤ ገመዱን አስጎተተችኝ። ደህና ነው። ከዚያ እዚያው ቢቸና ቁጭ ብላ ዝርዝሩን ከፈተችው። ወለል አለ። የአባቴን ስም በዓይኔ አየሁት፣ ከነአያቱ። “እንግዲህ ቤቱ ደህና ነው፤ የተበላሸው በሩ ነው። ራውተሩ ነው” አለች።

“ሳጥኑ የታለ? ላውርደው?” አልኳት።

“ሳጥን የለውም።”

“ገመዱስ?”

“የለውም። ማሽኑ ውስጥ በጽሑፍ የተሠራ ነው።”

“ታዲያ የሌለ ነገር እንዴት ይበላሻል?”

ሳቀች። ድካሟን ያየሁት ስትስቅ ነው።

እንዲህ አስረዳችኝ። ቤት ውስጥ ያሉት ማሽኖች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት የጓዳ ቁጥር አላቸው። እኔና አንተ ቤታችን ውስጥ “ማሙሽ” እንደምንባለው ማለት ነው። ሞጣ ያለ ሰው ቢቸና መጥቶ “ማሙሽ የታለ?” ቢል ማን ያውቅሃል? ሺ ማሙሽ አለ። ስለዚህ በሩ ላይ አንድ ሰው ይቆማል፣ አገር የሚያውቀው ሙሉ ስም ይሰጠዋል፣ ከውጭ የመጣውን ተቀብሎ ወደ ማሙሽ ይወስዳል። በሩ ላይ የቆመው ራውተሩ ነው፣ ሙሉ ስሙ ደግሞ የሕዝብ አድራሻ የሚሉት ቁጥር ነው። የኛው ራውተር መብራት ጠፍቶ ሲወድቅ ቁጥሩን ለቀቀ። አሁን ይነሳል፣ አድራሻ ይጠይቃል፣ የለም ይባላል፣ ተመልሶ ይወድቃል። ጠዋት የቀን ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ነው የመሰለኝ።

“ቁጥሩስ የት ሄደ?” አልኳት።

ዝርዝሩን አሳየችኝ። ለዩኒየኑ የተሰጡት አድራሻዎች አምስት ናቸው። አንዱ ለኢሜይል ይሠራል። አንዱን፣ ራውተሩ የለቀቀውን ማለት ነው፣ ግዥ ክፍል ለበር ካሜራ አስይዞታል፤ ካሜራው አልተገዛም። አንዱ ግንደወይን ሊከፈት ለታሰበ ቅርንጫፍ ነው። አንዱ ለእንግዳ። አንዱ ጡረታ ለወጡት ሥራ አስኪያጅ፣ ለጋሽ ይስማው። አራቱ ላይ ማንም የለም፤ ግን ሰው አለባቸው።

“አንዱን አታነሺም?”

“አንዴ ብነካው ይለቃል። ግን ሳይፈቀድልኝ አንስቼ ነገ ባለቤቱ ቢመጣ ከሥራ የምባረረው እኔ ነኝ።”

ደወለች። የግዥ ኃላፊው “ካሜራው ሲመጣስ?” አላት። መቼ ነው የሚመጣ? ጨረታው ሲወጣ። ጨረታው መቼ ይወጣል? “እሱንማ እግዜር ያውቃል” አላት። ሁለተኛው “ግንደወይን ቢከፈትስ?” አለ። ሦስተኛው “እንግዳ ቢመጣስ?” አለ። በር ላይ የተኮለኮለው ገበሬ ግን ለማንም አልታየውም። እኔ “አይበሉ፣ አያስበሉ” ስል “ዝም በል፣ አለቆቼ ናቸው” አለችኝ።

የቀሩት ጋሽ ይስማው ናቸው። እሳቸውን ለመጠየቅ አፈረች። ጡረታ ሲወጡ ቢሮው ቁጥራቸውን ያላነሳው ረስቶት አይደለም፤ ክብር ነው። እሳቸው የተቀመጡበትን ማን ይደፍራል ተብሎ ነው። ስልኩን ይዛ ብዙ ቆየች። እኔ በሌላኛው ጆሮዬ አያ ሰይድ “አባትህ ዛሬም እዚሁ ሊያድር ነው” ሲለኝ ሰማሁና “አያ ሰይድ፣ ይቺን ነገር ጮክ ብለህ ድገማት” ብዬ ስልኬን ወደ እሷ አዞርኩት። ሰማችው። ደወለች።

“እኔ? አድራሻ?” አሉ ጋሽ ይስማው። “ልጄ፣ የኔ አድራሻ ከገብርኤል በታች ነው፤ ቤቴን ታውቂው የለም ወይ?”

ነገሩን አስረዳቻቸው። “ውሰጂው። ግን ርክክብ ይደረግ” አሉ። ሠላሳ ዓመት ንብረት ያስረከቡ ሰው ናቸው፣ በቃል ነገር አያምኑም።

በነጋው ማለዳ የርክክብ ቅጹን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ብዕራቸውን ሞከሩ። የዕቃው ዓይነት፣ አድራሻ። ብዛት፣ አንድ። የዕቃው ሁኔታ የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው “የተሰበረ ነገር አለው?” አሉኝ። አይመስለኝም አልኩ። “በደህና ሁኔታ ላይ ያለ” ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ። ቅጹን ሲሰጡኝ ግን ቶሎ አልለቀቁትም።

“ስንት ሰው ነው ሞጣ የቆመው?”

“ብዙ ነው፣ ጋሼ። አባቴም አለበት።”

“ጡረታ ስወጣ ያልመለስኩት ነገር አለ ብዬ አላስብም ነበር” አሉ። “ለካ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰው በር ዘግቻለሁ። ሰው ሲያከብርህም መጠየቅ አለብህ።”

ይችን ነገር እስካሁን አብላላታለሁ። ከአራቱ የተቆጩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ምንም ሳያጠፉ።

ቅጹን ወሰድኩ። ትዕግስት ማኅደር ውስጥ አስገባችው፣ ቁጥሩን ለቀቀች፣ ራውተሩን አስነሳችው። ጠየቀ፣ ተሰጠው፣ ቆመ። “አሁን በለው” አለችኝ። “አያ ሰይድ፣ አሁን።” በስልኩ ውስጥ የአህያ ማናፋት ብቻ ነው የሚሰማኝ። ቆይቶ “ወጣ” አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ጮክ ቢል ተመልሶ የሚጠፋ ይመስል። ትዕግስት ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ እኔ ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወጣሁ።

ሞጣ የገባሁት አሁን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስም እየተጠራ ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቆይ... ቆይ፣ አባቴን ጠሩት።

ኸረ ምን ሆኗል፣ አይነሳም እንዴ? አትዝጋ። ከኋላው ያለችውን ሴትዮ እያሳያቸው ነው። ወደ ዓባይ አፋፍ ካለ ቀበሌ የመጣች ናት፤ አሁን ካልተነሳች መንገድ ላይ ይመሽባታል። እሷን አስቀድሙ ነው የሚለው። አያ ሰይድ ደግሞ “አያ አላምረው፣ የወጣው እኮ የርስዎ ስም ነው። ማሽኑ ምን እናርገው፣ ይጠብቃል?” ይለዋል።

ሰማኸው አባቴን? “እኛ ሦስት ቀን ጠብቀነዋል፤ እሱም ጥቂት ይጠብቀን” አለ።

ሰው ሁሉ ይስቃል። አያ ሰይድም የሷን ስም እየፈለገ ነው። አባቴ ቀጥሎ ነው፣ ይደርሳል። እኔ ግን ተጠራሁ፤ የሷንም ተሸካሚ እኔ ነኝ። በል ሄድኩ።